የዛጉ ባቡሮች፦ ከለገሃር እስከ ለቡ

የጅቡቲ–አዲስ አበባ የባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ሐዲዱ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው ከተማ ይወጣል። በመንገዱ ጨዋማ የባሕር አየር፣ ለወራት ዝናብ የማያይ በረሃ፣ የአዋሽ ሸለቆ ሙቀትና የደጋው ክረምት ተራ በተራ ይቀበሉታል። በመስመሩ ላይ የሚሠራና በኋላም በመስመሩ ዳር የሚጣል ብረት ስለዚህ በአንድ መልክ አይዝግም። የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች አቃቂንና ቃሊቲን ካለፉ በኋላ ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ በኩል፣ በሳሪስና በጎተራ አድርገው ለገሃር ይገቡ ነበር። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ደግሞ በዚሁ ክፍለ ከተማ ለቡ ላይ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ የባቡር ታሪክ ብቻ ሳይሆን የዝገትም ታሪክ ነው። የዛገ ባቡርን አሳንሶ በሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ሰውም ከቀለሙ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከኢልግ ጋር ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኔ ነበረበት። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሆነ፤ ይህም ለተራራና ለጠመዝማዛ መንገድ የሚመች፣ ወጪውም የሚቀንስ ነው። ምስጥ እንጨት በሚበላበት አገር የእንጨት ተሸካሚ ስለማያዋጣ ሐዲዱ በአብዛኛው በብረት ተሸካሚ ላይ ተነጠፈ። ይህ ለሞዴል ሠሪ ትንሽ የማይባል ነገር ነው። በአውሮፓ ሱቆች ተሠርቶ የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ ተሸካሚው እንጨት መስሎ የተቀባ ስለሆነ፣ በላዩ የኢትዮጵያ ባቡር ቢቆምበት ያስቃል። በዚህ መስመር ሐዲዱም ተሸካሚውም ብረት በመሆናቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው፤ የሚያበራው ጎማ የሚሄድበት ቀጭን የሐዲድ ጫፍ ብቻ ነው። ባቡር በማይሄድበት ቦታ ያ ጫፍም ይጠቁራል።

ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚያ ተቆረቆረች። ዋናው የጥገና ጋራዥ የተሠራው እዚያ ስለሆነ፣ የመስመሩ አሮጌ ብረት በኋላ የተከማቸውም እዚያው ነው። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. በምኒልክ ሐኪም በዶክተር ቪታሊየን ስም አዲስ ፈቃድ ወጣ፤ ሥራውም ቀጥሎ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ ለገሃር ላይ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ከዚያ በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው።

ኢልግ ፈቃዱን ከማግኘቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1891፣ የጀርመኑ ማርክሊን ድርጅት በተወሰነ የሐዲድ ስፋት የሚገጣጠም የባቡር መጫወቻ ለላይፕዚግ ገበያ አቅርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአምሳ ዓመት ያህል የሞዴል ባቡር ማለት የሚያብረቀርቅ ባቡር ማለት ነበር። ቀይና አረንጓዴ ቀለም፣ ወርቃማ መስመር፣ ጭረት የሌለው ቆርቆሮ። ገዢውም ሠሪውም ባቡሩን የሚያስቡት ከፋብሪካ እንደወጣ አድርገው ነው።

የሚሠራ የእንፋሎት ባቡር ግን አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከጭስ ማውጫው በታች ያለው የፊት ክፍል ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስለሚውል ቀለሙ ቶሎ ይቃጠላል፤ ጥቁሩ አመድማ ይሆናል፣ ስስ ዝገትም ይወርሰዋል። ቦይለሩ በሚታጠብባቸው ቀዳዳዎችና በቫልቮች ሥር ነጭ የኖራ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። በበረሃ ውኃ እንደልብ በማይገኝበት መስመር የሚገኘውን ውኃ መጠቀም ግድ ነው፤ ውኃው ማዕድን በበዛበት ቁጥር ይህ ነጭ መስመር ይወፍራል። የጎማዎቹ ማያያዣ ዘንጎች ግን በዘይት ስለሚታሹ አይዝጉም፤ ዘይቱ አቧራ እየያዘ ጥቁር ጭቃ ይሆንባቸዋል። ሥራ ላይ ያለ ባቡር ያደፈ ነው እንጂ የዛገ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት በሞዴል ሥራ ውስጥ ዛሬም ድረስ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከቀናት በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖቹ የፊያት ሊቶሪናን በመስመሩ ላይ አሠማሩ። ሊቶሪና የራሱ ሞተር ያለው የሰው ማመላለሻ ስለሆነ የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ አያስፈልገውም፤ ሰውነቱም ከእንፋሎት ባቡር ይልቅ ወደ አውቶቡስ የቀረበ ስስ ላሜራ ነው። ከወረራው በኋላ እንግሊዞች ለጥቂት ጊዜ መስመሩን አስተዳደሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ፍራንኮ–ኢትዮጵያ ኩባንያ ተመለሰ።

ዲዚል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ከስዊዘርላንዱ የቪንተርቱር ፋብሪካና ከፈረንሳዩ አልስቶም የተገዙት የዲዚል ሎኮሞቲቮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንፋሎቱን ከሥራ አስወጡት። ውኃ በሌለበት በረሃ ውኃ የማይጠጣ ሞተር ሲገኝ የቀድሞውን የሚያስናፍቅ ምክንያት አልነበረም። የመስመሩ የመተው ታሪክ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ያረጀው ሎኮሞቲቭ መለዋወጫው እየተነቀለ ወደ ጎን ሐዲድ ይገፋል፤ ቀሪው እዚያው ይቆማል።

የቆመ ሎኮሞቲቭ የሚፈርሰው በቅደም ተከተል ነው። በየትኛውም አገር መጀመሪያ የሚጠፋው ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ የነሐስ ቫልቭ፣ የመዳብ ቱቦ፣ የግፊት መለኪያ። እነዚህ የተነቀሉበት ቦታ ቀለም ስላልነካው ዝገቱ ክብ ክብና ድንበሩ የለየ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ስስ ላሜራው ይሄዳል። የሹፌሩ ክፍል ጣራ፣ የበሩ ታችኛው ጠርዝና የውኃ ታንኩ ወለል ውኃ የሚያቁሩ ቦታዎች ስለሆኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳሉ። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ በሁለት ላሜራ መካከል ሲያድግ መጋጠሚያውን ይገፋዋል፤ ቀለሙ ይነፋል፣ ከዚያም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብር እያለ ይነሣል። የምስማሮቹ ራስ ዙሪያ መጀመሪያ ብርቱካንማ ቀለበት ያወጣል፤ በዝናብ ታጥቦም ከእያንዳንዱ ራስ ሥር ቀጭን መስመር ወደ መሬት ይወርዳል። ወፍራሙ ሻሲና ጎማው በመጨረሻ ይቀራሉ። እነሱ በጥቁር ቡናማ ዝገት ከተሸፈኑ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብዙም አይለወጡም።

የዝገት ቀለም ዕድሜውን ይናገራል። ትናንት የዘነበበት ዝገት ደማቅ ብርቱካን ነው፤ የዓመታት ዝገት ወደ ቡናማ ይወርዳል፤ የቆየው ወደ ጥቁር ይጠጋል። ዝገት የሚፈልገው አየርና እርጥበት ነው፤ ጨው ከተጨመረበት ይፈጥናል። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ አጠገብ የቆመ ፉርጎና በድሬዳዋ ደረቅ አየር የቆመ ፉርጎ ዕድሜያቸው እኩል ቢሆንም መልካቸው አይመሳሰልም። ድሬዳዋ ላይ ብረቱን የሚያጠቃው ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ ነው፤ ቀለሙ ደብዝዞና ዱቄት ሆኖ በጣት ይነሣል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ግን ገና ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ለሦስት ወር ያህል ሳያቋርጥ ያርሰዋል፤ ሣሩ በጎማዎቹ መካከል ይበቅላል፣ ከመሬት የተጠጋው ክፍልም ከላይኛው ቀድሞ ይበላል።

ድሬዳዋ እንፋሎቱን በምታሰናብትበት ጊዜ፣ በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ጆን አለን የተባለ ሰው በሞዴል ባቡር ዓለም ውስጥ ያልተለመደ ነገር ይሠራ ነበር። «ጎሪ ኤንድ ዳፌቲድ» ብሎ የሰየመው ሞዴል መስመር ላይ ያሉት ባቡሮች ያደፉ፣ ሕንፃዎቹ ያዘነበሉ፣ ጣራዎቹ የዛጉ ነበሩ። የሞዴል ባቡር መጽሔቶች ፎቶዎቹን ሲያትሙ ብዙ ሰው የእውነት ባቡር መስሎት ነበር። ቁም ነገረኛ ብቻም አልነበረም፤ ከሎኮሞቲቮቹ መካከል ፉርጎ የሚገፋ ኤማ የተባለ ዳይኖሰር ነበረው። አለን እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ሞተ፤ ከቀናት በኋላ ቤቱ ተቃጥሎ ሥራው በአብዛኛው ጠፋ። ባቡርን ከነዕድሜው የማሳየት ልማድ ግን ከእሱ በኋላም ቀጠለ፤ እንደ ሙያ የታየውም በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው።

ለዚህ ልማድ ትልቁን ማሳያ የሰጠችው ዌልስ ናት። የብሪታንያ ባቡር ድርጅት እንፋሎትን ሲያቆም በባሪ ከተማ የሚገኘው የዉድሃም ወንድማማቾች የቁርጥራጭ ብረት ግቢ 297 ሎኮሞቲቮችን ገዛ። ግቢው ፉርጎ መቆራረጥ ስላስቀደመ ሎኮሞቲቮቹ በባሕር አየር ውስጥ ለዓመታት ተደርድረው ቆሙ። በመጨረሻ 213ቱ በወዳጆቻቸው ተገዝተው ከመቆረጥ ዳኑ። በቦሊቪያ ኡዩኒ ከጨው ሜዳ አጠገብ የተጣሉት ባቡሮች ደግሞ ዛሬ የቱሪስት መዳረሻ ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ጨዋማውና ደረቁ አየር፣ ደጋውና ቆላው በአንድ መስመር ላይ ተገናኝተዋል።

በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል የባቡሩ ጥሩ ዘመን ከፋብሪካዎቹ ጋር የመጣ ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሳሪሱ አደይ አበባ፣ የጎተራ የእህል ማከማቻ፣ የቃሊቲ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሁሉ የበቀሉት በሐዲዱና በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ነው። የነፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካም በዚሁ ሠፈር መገኘቱ ለዚህ ታሪክ ያለቦታው አይደለም፤ ዝገትን የሚያቆመው ከሁሉ በፊት ፀረ ዝገት ቀለም ነውና።

ጥገናው እየሳሳ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ድልድዮች ተሰብረው ባቡሩ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1981 መስመሩ የኢትዮ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ሆነ። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የሰው ማመላለሻ ባቡር ድልድይ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ 428 ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከባዱ ነው። ጭነቱም ወደ መኪና መንገድና ወደ አሰብ ወደብ ዞረ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣበት ከ1990 ዓ.ም. በኋላ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በጅቡቲ ላይ ቢወድቅም፣ ያረጀው ሐዲድ ሊሸከመው አልቻለም፤ ዕድሉን የወሰደው የጭነት መኪናው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳት ከፍጻሜ አልደረሰም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ባቡር አዲስ አበባ መግባት አቆመ፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያለው ክፍል ብቻ ለተወሰነ ጊዜ አልፎ አልፎ አገለገለ።

ከዚህ በኋላ የዲዚሎቹም ተራ ደረሰ። የዲዚል ሎኮሞቲቭ መልክ ከእንፋሎቱ ይለያል። ትላልቅና ጠፍጣፋ ላሜራዎች ስላሉት ፀሐዩ ጎኖቹን ያነጣቸዋል፤ ዝገቱ የሚነሣው ከአየር ማስገቢያ ወንፊቱ፣ ከመስኮት ላስቲኩ ሥርና ከብየዳው መስመር ነው። በነዳጅ ታንኩ አፍ ዙሪያ የቆየ የነዳጅና የዘይት ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ እዚያ ላይ ዝገት አይገባም። ስለዚህ የቆመ ዲዚል ላይ በጣም የዛገውና በጣም የተጠበቀው ቦታ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የሞዴል ሠሪዎቹ ዘዴም በእነዚሁ ዓመታት ረቀቀ። የታንክና የጦር መኪና ሞዴል ሠሪዎች የፈጠሩትን የባቡር ወዳጆች ወሰዱት። መጀመሪያ ሞዴሉ በሙሉ የዝገት ቀለም ይቀባል። በላዩ የፀጉር ስፕሬይ ወይም እርጥብ ጨው ይደረጋል፤ ከዚያ የባቡሩ ዋና ቀለም ይነፋበታል። ሲደርቅ በውኃ በራሰ ብሩሽ ሲታሽ ላይኛው ቀለም በትንሽ በትንሹ ይነሣል፣ ከሥሩ ዝገቱ ይወጣል። ይህ የእውነተኛውን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ ምክንያቱም ባቡሩ ቀድሞ ተቀብቶ ኋላ ነው የዛገው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ቀጥሎ በዘይት ቀለም የቀጠነ ቡናማ ከመጋጠሚያዎቹ ወደ ታች ይጎተታል፤ በመጨረሻ የአካባቢው አፈር ቀለም በዱቄት መልክ ከጎማው በላይ ይነሰነሳል። ለድሬዳዋ ያ ዱቄት ፈዛዛ አሸዋማ ነው፤ ለሳሪስና ለቃሊቲ ጥቁር የደጋ ጭቃ ሲደርቅ የሚተወው ግራጫ ነው።

እዚህ ላይ ልኬት ካልታሰበ ሥራው ይበላሻል። በስፋት በሚሠራበት በ1 ለ87 ልኬት፣ የአንድ ሜትር ሐዲድ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእውነተኛው ባቡር ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ የዝገት ቀዳዳ በሞዴሉ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም፤ በዓይን የሚታየው እንደ ቀለም ነቁጥ ነው እንጂ እንደ ሻካራ ነገር አይደለም። ዱቄት በሙጫ አብዝተው የሚለጥፉ ሠሪዎች የሚሠሩት የዛገ ባቡር ሳይሆን በጠጠር የተለሰነ ባቡር ነው። ሙሉው መስመር በዚህ ልኬት ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከለገሃር ተነሥቶ በጎተራና በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ለመድረስ ያህል።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። የሰሜን–ደቡቡ መስመር በላንቻ፣ በነፋስ ስልክ፣ በአደይ አበባና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይደርሳል፤ አሮጌው ባቡር ወደ ከተማ ይገባበት በነበረው አቅጣጫ ማለት ነው። በዚያው ዘመን በከተማው ውስጥ የነበረው አሮጌ ሐዲድ በየቦታው ተነቅሏል፣ በመንገድና በግንባታም ተሸፍኗል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ለቡ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከአሮጌው ባቡር አንዱም በላዩ ሊሄድ አይችልም። የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች ወደ ሥራ የመመለሳቸው ተስፋ በዚህ ተዘጋ፤ ከዚህ በኋላ ወይ ቅርስ ናቸው ወይ ቁርጥራጭ ብረት።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ኩባንያ የሆነው ኢግል ሂልስ የለገሃርን 36 ሄክታር የማልማት ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን የድሮው ጣቢያ ሕንፃ እንዲጠበቅ ተወሰነ። ሕንፃን ማደስ የታወቀ ሥራ ነው፤ ሎኮሞቲቭን ማደስ ግን ሁለት ሐሳብ ያጋጫል። ዝገቱ ተፍቆ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ፣ በአዲስ ቀለም የሚቆም ሎኮሞቲቭ ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ ነገር ግን የኖረበት ዘመን ምልክት አብሮ ይፋቃል። ባለበት ቢተው ምልክቱ ይቆያል፣ ላሜራው ግን ያልቃል። በብዙ አገር ሙዚየሞች የሚመረጠው መካከለኛ መንገድ የላላውን ዝገት ብቻ ጠርጎ፣ ብረቱን በዘይት ወይም በሰም ሸፍኖ፣ ከጣራ ሥር ማቆም ነው። ከጣራ ሥር የሚለው ለአዲስ አበባ ክረምት ዋናው ቃል ነው። ከመቀባቱ በፊት ከአራቱም ጎን ፎቶ ማንሣትና መለካት ደግሞ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሞዴል ሠሪም ታሪክ ጸሐፊም ኋላ የሚፈልጉት ያንን ነው።

የቀላል ባቡሩም ለዚህ ታሪክ የራሱን ምዕራፍ ጨምሯል። ከቻይናው የቻንግቹን ፋብሪካ የመጡት 41 ባቡሮች ለአዲስ አበባ ኃይለኛ ፀሐይ ሲባል የላስቲክ ክፍሎቻቸው በተለየ መልክ የተሠሩ ነበሩ፤ ቀለማቸው ለሰሜን–ደቡቡ ሰማያዊ፣ ለምሥራቅ–ምዕራቡ አረንጓዴ ነው። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሬ እጥረት ሳይገባ ሲቀር ሥራ ከጀመሩ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው አብዛኞቹ ቆሙ። የእነዚህ መልክ ከድሬዳዋዎቹ ፈጽሞ የተለየ ነው። በሰውነታቸው ላይ ብርቱካንማ ዝገት ከመፈለግ ይልቅ የሚታየው በመስታወቱ ላይ የተጋገረ አቧራ፣ ዝናብ ያወረደው የጭቃ መስመር፣ የደበዘዘ ሰማያዊና የተሰነጠቀ ላስቲክ ነው። ዝገቱ ያለው ከታች፣ በጎማውና በፍሬኑ ላይ ነው፤ የሚሄድ ባቡር በየቀኑ የሚወለውለው ጎማ ሲቆም በአንድ ክረምት ይቀላል። ከእነዚህ አንዱን በሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከዝገት ቀለም ይልቅ ግራጫ የአቧራ ዱቄትና የደበዘዘ ቀለም ማዘጋጀት አለበት።